ቀለህ በውኃ ሲናጥ

ጥይት ተተኩሶ አረሩ ሲሄድ በተኳሹ እግር ሥር ወድቆ የሚቀረው ቀፎ ቀለህ ይባላል። በአገራችን ቀለህ እንደ ተራ ቆሻሻ ተቆጥሮ አያውቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ «ውጅግራ» ተብሎ በአማርኛ ሲለመድ፣ ጥይቱም ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ በእንግሊዙ መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦርና አርበኞች እየተዋጉ የተከተሉት ዛሬ በፍኖተ ሰላም በሚያልፈው መንገድ አቅጣጫ ነው። እንዲህ ባለ አገር አፈር ሲቆፈር የቀለህ ነሐስ ቢወጣ አይደንቅም። በአዲስ አበባም እንጦጦ ሥር ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከቀለጠ ቀለህ የተሠራ ዶቃ እየሰኩ የአንገትና የጆሮ ጌጥ ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። ነሐሱ መስቀልም ይሁን ቀለበት ከመሆኑ በፊት ግን መጽዳት አለበት። የማጽጃው መንገድ የሚመረጠው በሚሰጠው ብልጭታ ይመስለናል፤ መመረጥ ያለበት ግን አቧራ ባለማስነሣቱ ነው።

በውኃ መናጥ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቢጫ ጀሪካን ውስጡ አረንጓዴ ሲያወጣ ጠጠርና ውኃ ጨምረን እንነቀንቀዋለን፤ እጅ የማይገባበትን ጠጠሩ ይፍቀዋል። የቀለህም ማጠቢያ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በጠጠር ፈንታ ከማይዝግ ብረት የተቆረጠ ሽቦ መግባቱ ነው። ሽቦው ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ርዝመቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ውስጡ ጎማ በለበሰ ትንሽ በርሜል አንድ ኪሎ የማይሞላ ቀለህ፣ ከ2 ኪሎ የሚበልጥ ሽቦ፣ 4 ሊትር ገደማ ውኃ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና የሻይ ማንኪያ ሩብ ሲትሪክ አሲድ ይገባል። በርሜሉ በሞተር ቀስ ብሎ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይሽከረከራል። ሲከፈት ውኃው እንደ ጥላሸት ጠቁሮ፣ ቀለሁ ግን ከውስጡም ከአፉም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። አሲዱ የመዳብን ዝገት ያሟሟል፣ ሳሙናው ጥላሸቱን ከነሐሱ ያላቅቃል፣ ሽቦው ይፍቃል።

ያ የጠቆረ ውኃ የክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። በቀለሁ ቂጥ ላይ ባሩዱን የምትለኩስ ትንሽ ክዳን አለች፤ በአብዛኛው ጥይት የእርሳስ ውህድ የያዘች ናት። በቀደሙት ዘመናት በተሠሩ ብዙ ጥይቶች ደግሞ ሜርኩሪ ነበረባት። ጥይቱ ሲተኮስ ይህ መርዝ በቀፎው ውስጥ ጥላሸት ሆኖ ይለጠፋል። ቀለሁ በደረቁ ሲፈገፈግ ወይም በወንፊት ሲንገዋለል ጥላሸቱ አቧራ ሆኖ ይነሣል፤ በሰው ሳንባ፣ በልጆች እጅ፣ በእንጀራ ሞሰብ ላይ ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት እንደማያስከትል የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል፤ ከሁሉም የሚጎዳው የሕፃን አእምሮ ነው። ውኃ ይህን አቧራ ገና ሳይነሣ ይይዘዋል።

«እናቶቻችን ጸናጽሉንም መስቀሉንም በአመድና በሎሚ ሲወለውሉ ኖረዋል፤ በርሜል ለምኔ?» የሚል ይኖራል። ስለ ሎሚው እውነቱን ነው፤ የሎሚ ኮምጣጣነት የሚመጣው ከዚያው ከሲትሪክ አሲድ ነው። ግን ጸናጽል የሚወለወለው በውጭ ፊቱ ነው፤ የቀለህ መርዝ ያለው ጣት በማይገባበት ውስጡ ነው። ሎሚ በዝቶ ወይም ሲዘፈዘፍ አድሮ ከሆነ ደግሞ በነሐሱ ውስጥ ያለው ዚንክ ከላይ ተበልቶ ነሐሱ ወደ ሮዝ ቀላ ይላል። ይህ መቅላት የጽዳት ሳይሆን የመጎዳት ምልክት ነው።

«ለማቅለጥ ከሆነማ እሳት ሁሉን ያጠራል» የሚለው ክርክር ከዚህ ይከብዳል፤ አደገኛም ነው። ነሐስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ብሎ ሲሆን እርሳስ በ327 ዲግሪ ይፈሳል፤ ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ይፈላል። እሳት መርዙን አያጠፋውም፤ ወደ ጭስ ለውጦ አንጥረኛው ወደሚተነፍሰው አየር ይልከዋል። ዚንኩም በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ ታጥቦ የገባ ነሐስ እንኳ ያጨሳል፤ ስለዚህ ከታጠበም በኋላ ማቅለጥ ደጅ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ይሁን።

«ታዲያ መርዙን ወደ ውኃ አዛወርነው እንጂ ምን አተረፍን?» ለሚለው፣ ትርፉ መርዙ አንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው። አየር ላይ የተበተነን መልሶ የሚሰበስብ የለም፤ በጀሪካን ያለውን ግን ማሸግ ይቻላል። ይህ የሚሠራው እጣቢው ከጓሮ አትክልት፣ ከጉድጓድ ውኃና ከመስኖ ቦይ ከራቀ ብቻ ነው። በቆጋ መስኖ ለሚያለማ ገበሬ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በርሜሉም ከወጥ ቤት ይራቅ፤ የእህልና የምግብ ዕቃ ለዚህ ሥራ አይዋል።

ማከማቻውም ይታሰብበት። በእንግሊዞች ዘመን በህንድ በዝናብ ወራት ጋጣ ውስጥ የተቀመጡ የነሐስ ቀለሆች ያለ ምንም ምት ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ በ1921 እ.ኤ.አ. ተገለጠ፤ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ የተወጠረውን ነሐስ ይሰነጥቀዋል። ከብትና ሰው በአንድ ግቢ በሚያድሩበት ገጠር ይህ ተራ ምክር አይደለም። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ለነሐስ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ፍተሻ ይቅደም። ማግኔት ይቅረብ፤ ብዙው የክላሽ ቀለህ መዳብ ወይም ቀለም የተቀባ ብረት ስለሆነ ማግኔት የሳበው ከነሐሱ ይለይ። ቀጥሎ አፉ ይታይ፤ አረር ያለበት፣ ቂጡ ላይ የመቺ ምልክት ቢኖርም እንኳ፣ ቀለህ ሳይሆን ያልፈነዳ ጥይት ነው። እንዲህ ያለው አይታጠብም፣ አይቀጠቀጥም፣ እሳት አይቀርበውም፤ ባለበት ተትቶ ለፖሊስ ይነገር።