ነገረ ክሩዘር

ክሩዘር የሚባለው የሞተር ብስክሌት ወገን ከሌሎቹ የሚለየው በፍጥነቱ ወይም በጉልበቱ ሳይሆን ሰውን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት ነው፤ የእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌት ነጂውን በቤንዚን ታንኩ ላይ አጎንብሶ እንዲለጠፍ ሲያስገድደው፣ ክሩዘር ግን መቀመጫው ወደ ምድር የቀረበ፣ የእግር መርገጫው ወደ ፊት የወጣ፣ መሪውም ወደ ነጂው ደረት የተመለሰ በመሆኑ፣ ወገቡን አቅንቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ግራና ቀኙን እያየ እንዲጓዝ ይፈቅድለታል። ጥንተ ነገሩ ከአሜሪካ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከከተማ እስከ ከተማ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ቀጥ ያለ ጎዳና ላለበት ሰው፣ በኩርባ ላይ ፈጥኖ ከመታጠፍ ይልቅ ሳይደክሙ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ይበልጥበታልና። ዛሬ በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ዓይነቶች እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚለያዩ፣ ገዢው መልካቸውን ከማድነቁ በፊት አመጣጣቸውን ቢመረምር ይጠቀማል፤ አንዳንዱ ከነባሩ ላይ ዕቃ በመቀነስ፣ አንዳንዱም በመጨመር የተገኘ ነውና፣ የተቀነሰው አንድ ቀን ሊያስፈልግ፣ የተጨመረውም ሊከብድ ይችላል።

ኢንዲያን የተባለው ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታችም ዘመኑን ሁሉ በዚሁ እንጠራለን) በ1901 በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ፣ ሃርሊ ዴቪድሰን ደግሞ በ1903 በዊስኮንሲን ሚልዋኪ ተመሠረቱ። ሃርሊ በ1909 ያወጣው፣ በ45 ዲግሪ ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት ሞተር፣ ለኋለኞቹ ክሩዘሮች አርአያ ሆኖ ቆይቷል። ሁለቱ ፒስቶኖች በሚያዞሩት ኮሎ ላይ አንድ አንጓ ስለሚጋሩ፣ በአንደኛው ሲሊንደር ቤንዚኑ ከተቀጣጠለ በኋላ በሁለተኛው የሚቀጣጠለው ኮሎው 315 ዲግሪ ሲዞር ሲሆን፣ እንደ ገና ወደ መጀመሪያው እስኪመለስ ግን 405 ዲግሪ ይፈጃል፤ ያ የሚያነክስ የሚመስለው ድምፅ የሚወለደው ከዚህ ካልተካከለ ልዩነት ነው። ከ1988 እስከ 2019 በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ፣ በጦርነት ተማርከው ወይም ጠፍተው የቀሩትን ወታደሮች ለማሰብ ከፔንታጎን ማቆሚያ ይነሣ የነበረውን የሞተረኞች ሰልፍ የተመለከቱ የዋሽንግተን ወገኖቻችን ድምፁን አሳምረው ያውቁታል። ደስ የሚያሰኝ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በድምፅ ተማርኮ የገዛ ሰው፣ ከጥቂት ሰዓት ጉዞ በኋላ ወገቡ ሲያመው ማርሚታው አያጽናናውም።

ከሚቀንሱት ወገን ጥንታዊው ቦበር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወጣቶች፣ ከባዱን የዘመኑን ሞተር ብስክሌት ለማቅለልና ለማፍጠን ብለው የፊቱን ፓራፋንጎ አወለቁ፣ የኋላውን ቆረጡ፣ ለመሮጥ የማያገለግለውንም ዕቃ ሁሉ ጣሉ፤ እንደ መናኝ ከማያስፈልገው ሁሉ የተለየ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ሆነ። በእጅ የተጀመረውን ይህን ሥራ ዛሬ ፋብሪካዎች ራሳቸው ሠርተው ይሸጡታል፤ ምናኔው ግን ዋጋ አለው። በ2016 የወጣው የእንግሊዞቹ የትራየምፍ ቦበር፣ መቀመጫው ከምድር 690 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ያለና ዓይን የሚማርክ ሆኖ ሳለ፣ የቤንዚን ታንኩ የሚይዘው 9.1 ሊትር ስለ ነበር፣ ነጂው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ማደያ መፈለግ ነበረበት፤ ፋብሪካውም ነገሩን አይቶ በኋላ ወደ 12 ሊትር አሳደገው። ለከተማና ለእሑድ ሽርሽር ከቦበር የሚያምር የለም። ባለትዳር ግን አስቀድሞ ከቤቱ ይማከር፤ የኋላ መቀመጫ የለውምና።

ቾፐር ደግሞ ከመቀነስ አልፎ ወደ ማስረዘም የሄደ ነው። የፊት ሹካው ረዝሞና ወደ ፊት ተጋድሞ የሚታየውን ይህን ዓይነት በዓለም ዘንድ ያስታወቀው በ1969 የወጣው ኢዚ ራይደር የተባለው ፊልም ሲሆን፣ በፊልሙ ላይ የታዩትን ሞተሮች የሠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ክሊፍ ቮግስና ቤን ሃርዲ መሆናቸው ለብዙ ዘመን ሳይነገርላቸው ኖሯል። ሹካው በተጋደመ መጠን ሞተር ብስክሌቱ በቀጥታ ጎዳና ላይ አቅጣጫውን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን በዝግታ ሲሄድ መሪው ወደ ጎን መውደቅ ይወዳል፣ በጠባብ መንገድ ለመዞርም ሰፊ ስፍራ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ሞተር የሚሆን አይደለም። መልኩን ብቻ ለሚወዱ፣ ሃርሊ በ1971 ሱፐር ግላይድን፣ በ1984 ደግሞ የኋላ አሞርዛተሩን ከሥር ሰውሮ እንደ ጥንቱ ያለ አሞርዛተር የቆመ የሚያስመስለውን ሶፍቴይልን አውጥቶላቸዋል፤ ይህ የኋለኛው ጥንታዊ ውበትንና የወገብ ዕረፍትን ባንድነት ስላስታረቀ፣ በእኔ አስተያየት ከፋብሪካው ብልሃቶች ሁሉ የሚበልጠው ነው።

ከሚጨምሩት ወገን ያለው ባገር የሚሉት፣ በጎንና በጎን ሣጥን፣ በፊቱ የነፋስ መከላከያ የተደረገለት የሩቅ መንገደኛ ነው። በ1965 ኤሌክትሪክ ማስነሻ የተገጠመለት ኤሌክትራ ግላይድ ለዚህ ወገን አባት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዛሬ ስትሪት ግላይድና ሮድ ግላይድ በሚባሉት በሁለቱ የሃርሊ ልጆች መካከል ሲያመነታ የሚውል ገዢ ብዙ ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ግን ከቀለም የጠለቀ ነው። በመጀመሪያው ላይ የነፋስ መከላከያው ከሹካው ጋር የታሰረ ስለሆነ ከመሪው ጋር አብሮ ይዞራል፣ የጎን ነፋስ ሲመታውም ግፊቱ በነጂው እጅ ይሰማል፤ በሁለተኛው ላይ ከሻንሲው ጋር ስለ ተያያዘ መሪው ቀሎ ይገኛል፣ ነፋሱም እጅን አይነካም። ሜዳና ነፋስ ለበዛበት አገር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሆኖም ሁለቱም ከ360 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ፣ በጎዳና ላይ የማይታወቀው ክብደት ተዳፋት ባለው ማቆሚያ ውስጥ ወደ ኋላ ሲገፉት በሚገባ ይታወቃል።

ጉልበት ፈላጊዎችን በአጭሩ ልለፋቸው፤ በ1985 የወጣው የያማሃ ቪ-ማክስ፣ በ2011 የወጣው የዱካቲ ዲያቬል፣ 2458 ሲሲ ሞተር የተሸከመው የትራየምፍ ሮኬት 3 የክሩዘርን አቀማመጥ ከእሽቅድምድም ኃይል ጋር ያጋቡ ናቸው፤ ለሚያውቅ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይደሉም።

ለጀማሪ የሚሆኑት ቀላሎቹ ናቸው። የሆንዳ ሬብል 500፣ ባለ 471 ሲሲ፣ ክብደቱ 190 ኪሎ ግራም አካባቢ ሆኖ መቀመጫው 690 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው እንኳ ሁለት እግሩን ምድር ላይ አሳርፎ ይቆማል። የሕንዶቹ ሮያል ኤንፊልድ ሜቴዎር 350 በክብደት ከዚህ ብዙም ባይለይም፣ በ349 ሲሲ ሞተሩ ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ በገጠር መንገድ ግን ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ደስ የሚል ባልንጀራ ነው። የካዋሳኪ ቨልካን ኤስ ደግሞ፣ ባለ 649 ሲሲ፣ የእግር መርገጫው እንደ ነጂው ቁመት በሦስት ደረጃ እንዲስተካከል ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ሊቀኑበት ይገባል።

መርገጫ ያልሁት ነገር ቀላል አይምሰል። እግር ወደ ፊት ሲዘረጋ የሰውነት ክብደት ሁሉ በጅራት አጥንት ላይ ያርፋል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም በመርገጫው ላይ ተነሥቶ ከመቀመጫው ከፍ ለማለት አይቻልም፤ ነፋሱም ደረትን ወደ ኋላ ስለሚገፋ እጅ መሪውን እየጎተተ ይደክማል። መርገጫው በመካከል ሲሆን ግን ጉልበት ክብደቱን ይካፈላል። በትልልቆቹ ላይ ያለው ሰፊ የእግር ሰሌዳ ለረጅም መንገድ ምቹ ቢሆንም፣ ሞተሩ ወደ ጎን ብዙ ሳይጋደም አስፋልቱን ይፍቃል፤ ኩርባ በበዛበት ተራራማ አገር የሚኖር ሰው ይህን ሳያስብ መግዛት የለበትም።

ስለዚህ ወደ ሻጭ ዘንድ የሚሄድ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ከማቆሚያው ላይ ያቅናው፣ በእግሩ ወደ ኋላ ይግፋው፣ መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ አዙሮ ክንዱ ይደርስ እንደ ሆነ ይየው፤ ቢፈቀድለትም ጠባብ ስፍራ ላይ በዝግታ ይዙርበት። ከኋላው የሚቀመጥ ሰው ያለው እንደ ሆነም እርሱንም ይዞ ይሂድ፤ በብዙዎቹ ላይ የኋላው መቀመጫ ከመዳፍ ብዙም አይሰፋምና።