ሕፃን አፉን የሚፈታበት ቤት፤ ስለ ማያ ሕዝቦች ልጆች

ማያ የሚባሉት ሕዝቦች በሜክሲኮ ደቡብ፥ በጓቴማላ፥ በቤሊዝና በሆንዱራስ ምዕራብ የሚኖሩ ጥንታውያን ሕዝቦች ናቸው። ቋንቋቸው አንድ አይደለም፤ ሠላሳ ያህል ነው። በጓቴማላ ብቻ 22 የማያ ቋንቋዎች ይቈጠራሉ። ቂቼ፥ ጼልታል፥ ጾጺልና የዩካታን ማያ የተባሉት ከእነዚሁ ወገን ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ቋንቋዎች ቢሰማ ድምፃቸው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም፤ የስፔን ሰው ለመናገር የሚቸገርበት የቀ፥ የጠና የጨ ዓይነት ድምፅ በማያ ቋንቋዎች ሞልቷልና።

የቋንቋ ሊቃውንት ስለ እነዚህ ሕዝቦች ልጆች አብዝተው የጻፉበት ምክንያት አለ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች የተጻፉት መጻሕፍት ሕፃን ቋንቋ የሚማረው እናቲቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ፥ ድምፅዋን አቅጥና፥ ቃሉን እየደጋገመች ስታጫውተው ነው ይሉ ነበር። በማያ መንደር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ታዲያ በዚያ የሚወለደው ሕፃን አፉን የሚፈታው በምን ነው?

በሜክሲኮ በቺያፓስ ግዛት ሲናካንታን የሚባል የጾጺል ተናጋሪዎች አገር አለ። በዚያ አዲስ የተወለደ ሕፃን ነፍሱ በሥጋው ገና አልጸናችም ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ እንዳይደነግጥና የሰው ዓይን እንዳያገኘው ተጠቅልሎና ተሸፍኖ በጸጥታ ይጠበቃል። ይህን አስተዳደግ ያጠኑት ሎርደስ ደ ሌዮን በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ «የነፍስ መምጣት» የሚል ነው። ሕፃኑ ብዙውን ሰዓት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ይውላል፤ እናቱ የምታየውን ያያል፤ እናቱ የምትሰማውን ይሰማል። ብዙ ባይነገረውም ከነገር ውጭ አይደለም። እጁን ቢዘረጋ ወይም ቢነጫነጭ፥ ያዘለችው ሴት «ስጡኝ ይላል» ብላ ለቤተ ሰቡ ትናገርለታለች። ስለዚህ ቃል ሳያወጣ በፊት እንደ ተናጋሪ ይቈጠራል። ይህ ልማድ ትንሽ ነገር እንዳይመስል፤ ልጁን ከጨዋታው ክበብ ውስጥ የሚያስገባው እርሱ ነው።

የድምፅም ነገር እንዲሁ ነው። በ1984 ክሊፍተን ፓይና ናን በርንስታይን ራትነር የቂቼ እናቶችን ድምፅ በመሣሪያ ለክተው፥ እናቶቹ ለሕፃን ሲናገሩ ድምፃቸውን እንደማያቀጥኑ አሳዩ። እንደ እነርሱ ትርጓሜ፥ በቂቼ ዘንድ ቀጭን ድምፅ ለሚከበር ሰው የሚነገርበት ድምፅ ነው። እንግዲህ በአንዱ አገር የእናት ፍቅር ምልክት የሆነው በሌላው አገር የአክብሮት ምልክት ሆኖ ይገኛል።

በጼልታሎች አገር በቴኔሃፓ የተደረገው ምርመራ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው። ማሪሳ ካሲላስ፥ ፔኔሎፔ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን ከ3 ዓመት በታች የሆኑ 10 ሕፃናት በቀን የሚሰሙትን ንግግር በድምፅ መቅረጫ ይዘው በ2020 ውጤቱን አሳተሙ። ለሕፃኑ ለራሱ ተብሎ የሚነገረው ቃል በሰዓት 3.6 ደቂቃ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። እርሱም አጠር አጠር ባለ ጊዜ ተጠጋግቶ የሚነገር ነው። ሆኖም ሕፃናቱ መንተባተብ የጀመሩት፥ የመጀመሪያውን ቃል ያወጡት፥ ሁለት ቃል ያጋጠሙት በሌላው ዓለም ያሉ ሕፃናት በሚያደርጉበት ዕድሜ ነበር።

የሚናገሩትም ቃል የቤቱን ንግግር ይመስላል። እንግሊዝኛ የሚማር ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በነገር ስም ይጀምራል፤ የጼልታል ሕፃን ግን ግሥን በጣም ቀድሞ ይይዛል። ግሡም ጠቅላላ ትርጉም ያለው አይደለም። ቂጣ ለመብላት «ዌእ»፥ ሥጋ ለመብላት «ቲእ»፥ እንደ ሙዝ ያለውን ለስላሳ ለመብላት «ሎእ»፥ ጠንካራውን ለመቈርጠም «ቁሽ» ይላሉ። (አማርኛም በላ ከማለት ሌላ ቃመ፥ ቈረጠመ፥ ጋጠ እያለ ይለያል።) ጼልታሎች ሲነጋገሩ ሌላው የተናገረውን ግሥ ደግሞ መመለስ ልማዳቸው ስለ ሆነ፥ ሕፃኑ ያንኑ ቃል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይሰማዋል። ይህ ሁሉ ትምህርት ተብሎ የሚሰጥ አይደለም፤ በማእድ ዙሪያ የሚደረግ ጨዋታ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ለሕፃን መናገር ጥቅም የለውም የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ሎራ ሽናይድማንና ሱዛን ጎልዲን ሜዶው በ2012 ባሳተሙት ጥናት፥ የዩካታን ማያ ሕፃናት በአንድ ዓመታቸው ለእነርሱ ተብሎ የሚነገረው ቃል ከሚሰሙት ሁሉ ጥቂቱ ነው፤ ወደ 3 ዓመት ሲቃረቡ ግን እጅግ ይበዛል። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው አዋቂዎች ልዩ ልዩ ቃል እየጨመሩ ካናገሩት፥ ኋላ የሚያውቀው ቃል ይበዛል። ከሌሎች ልጆች የሚነገረው ቃልም፥ በአጠገቡ ሲነገር የሚሰማውም ይህን ያህል ውጤት አላሳየም። ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ መስለው ይታያሉ እንጂ አይጣሉም። የቴኔሃፓው የሚለካው አፍ የሚፈታበትን ጊዜ ነው፤ የዩካታኑ የሚለካው የቃሉን ብዛት ነው። አፍ መፍታትና ቃል ማካበት አንድ ነገር አይደሉም።

ችግሩ የሚመጣው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። በጓቴማላም በሜክሲኮም ብዙ ዘመን ትምህርት የሚሰጠው በስፔን ቋንቋ ብቻ ነበር። በአንዳንዱ ቤት ወላጆች ልጃቸው እንዳይቸገር ሲሉ የአባቶቻቸውን ቋንቋ ትተው በማያውቁት ስፔንኛ ያናግሩት ጀመር። እንዲህ ያለው ልጅ የሚያጣው ብዙ ነው፤ ከአያቱ የሚሰማው ንግግር ይቀርበታል፤ ከወላጆቹ የሚሰማውም ስፔንኛ ጥቂትና ጎደሎ ይሆናል። አዋቂ በልዩ ልዩ ቃል ሊያናግረው የሚችለው በደንብ በሚያውቀው ቋንቋ ነውና። በ2003 ጓቴማላም ሜክሲኮም የአገር ተወላጆችን ቋንቋ የሚያከብር ሕግ አወጡ፤ ነገር ግን ሕግ በወረቀት መውጣቱና መምህሩ በልጁ ቋንቋ ማስተማሩ የተለያየ ሥራ ነው።

ሌላው ችግር የጥያቄ ነገር ነው። መምህር መልሱን እያወቀ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በብዙ የማያ ቤት ግን ታላቅ ሰው የሚያውቀውን ነገር ከልጅ አይጠይቅም። ስለዚህ ልጁ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ድንቍርና ይቈጠርበታል።

ይህ ፍርድ ትክክል እንዳይደለ በጓቴማላ በአቲትላን ሐይቅ ዳር ባለው በሳን ፔድሮ ላ ላጉና የተደረገ ፈተና ያሳያል። ማሪሴላ ኮርያ ቻቬስና ባርባራ ሮጎፍ በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ አንድ ልጅ መጫወቻ መሥራት ሲማር ወንድሙ ወይም እኅቱ ተራ እየጠበቀ በአጠገቡ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ተመልከት ያለው ሰው ግን አልነበረም። እናቶቻቸው ትምህርት ቤት ብዙ ያልቈዩ የማያ ልጆች ለሌላው የሚሰጠውን ትምህርት አተኵረው ተመለከቱ፤ ኋላም መጫወቻውን ለመሥራት የሚያስፈልጋቸው ርዳታ ከአሜሪካ ልጆች ያነሰ ሆነ። እናቶቻቸው ብዙ ዓመት የተማሩት የማያ ልጆች በሁለቱ መካከል ተገኙ።