«ብቁ አይደለም» ሲባል፦ ከወታደራዊ የበረራ ሥልጠና መለየትን የሚመለከቱ ቃላት

የአሜሪካን አየር ኃይል ሰነዶች ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በቅድሚያ የሚገጥመው ችግር «ብቃት» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ በአማርኛ ጤንነትንም ችሎታንም ያጠቃልላል። ስለዚህ «ሠልጣኙ ለበረራ ብቁ አይደለም» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢው ሰውየው ማብረር እንዳቃተው አድርጎ ይረዳል። የአየር ኃይሉ አሠራር ግን በጤና ምክንያት፣ በበረራ ችሎታ ማነስና በገዛ ፈቃድ የሚለዩትን ለየብቻ ይመዘግባል። እንግዲህ «የጤና ብቃት» እና «የበረራ ችሎታ» ተለይተው መጻፍ ይገባቸዋል።

ግሦቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። «ተባረረ» ጥፋትን ያመለክታል፤ «ተሰናበተ» ከሠራዊቱ ጨርሶ መውጣትን ያሳስባል። ሠልጣኙ ግን በሌላ ሙያ ሊቀጥል ስለሚችል «ከበረራ ሥልጠና ተለየ» ማለት ይሻላል። በጉንፋን ምክንያት ለጥቂት ቀናት እንዳይበር የተደረገውንም «ታገደ» ከማለት «ለጊዜው ከበረራ ታቀበ» ማለቱ የቅጣትን ትርጉም ያስቀራል።

ውሳኔውን በሐሳብ የሚያቀርበው «ፍላይት ሰርጅን» ይባላል። መጠሪያው እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ «ሰርጅን» በጦሩ ልማድ ሐኪም ማለት ነው። ስለዚህ «የበረራ ሐኪም» እንጂ «የበረራ ቀዶ ጠጋኝ» አይባልም።

ከሁሉ የሚከብደው «ዌይቨር» ነው። «ምሕረት» ቢባል በደልን ያስቀድማል፤ ሕመም ግን በደል አይደለም። የጽንሰ ሐሳቡ ፍሬ ነገር፣ ጉድለቱ መኖሩ ሳይካድ፣ ባለሥልጣኑ ክፍል አደጋውን መዝኖ እንዲበር መፍቀዱ ነው። ስለዚህ «ልዩ የጤና ፈቃድ» የሚለውን እናቀርባለን።

የዚህ ልዩነት ጥቅም በክርክር ጊዜ ይታያል። በአሜሪካ ጦር የመግቢያ መመዘኛ መሠረት፣ ከ13ኛው የልደት ቀን በኋላ አስም የነበረበት ሰው የጤና ብቃት ይጎድለዋል። አንድ ሠልጣኝ «በልጅነቴ የታከምሁት ለብሮንካይትስ እንጂ ለአስም አይደለም» ቢል፣ የሚጠይቀው የምርመራ ውጤት እንዲታረም ነው። «አስም ነበረብኝ፤ አሁን ግን ከማብረር አያግደኝም» ቢል ደግሞ ልዩ የጤና ፈቃድ መጠየቁ ነው። ሁለቱን «ይግባኝ» ብሎ መጠቅለል ጥያቄዎቹን ያደባልቃል። የመጀመሪያውን «ልዩ ፈቃድ ጠየቀ» ብሎ መተርጎም ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ ሰውየው የካደውን ሕመም ተርጓሚው አምኖለት ያርፋል።