ገመዱን አስረን በአላህ እንመካ

በዒድና በዕረፍት ቀናት ቤተሰብን ይዞ ከከተማ ወጣ ማለት መልካም ልማድ ነው። ልጆችም በሁለት ዛፎች መካከል የሚንጠለጠለውን አልጋ፣ ሃሞክን፣ እጅግ ይወዱታል። በአንድ ሽርሽር ላይ ግን ገመዱ ተበጥሶ አንድ ልጅ በጀርባው ሲወድቅ ተመለከትን። አልሐምዱሊላህ፣ ከድንጋጤ በቀር ጉዳት አልደረሰበትም። አባትየው፣ «አጥብቄ ወጥሬው ነበር እኮ!» አለ። ችግሩም ይኸው መወጠሩ ነበር።

ገመዱ ከአግድመት መስመር ወደ ላይ 30 ዲግሪ ያህል አዘቅዝቆ ከታሰረ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲተኛበት በእያንዳንዱ ወገን ያለው ገመድ የሚሸከመው 70 ኪሎ ያህል ነው። ዝንባሌው 10 ዲግሪ ብቻ ሲሆን ሸክሙ ወደ 200 ኪሎ፣ 5 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ወደ 400 ኪሎ ይደርሳል። መለኪያ ለሌለው ክንዱ ይበቃዋል፤ ለ2 ክንድ ገመድ 1 ክንድ ከፍታ መስጠት ነው።

ከሃሞክ ዓይነቶች አንዱ «ድልድይ ሃሞክ» ይባላል። ጨርቁ እንደ ተንጠልጣይ ድልድይ በሁለት ጎኖቹ ስለሚያዝ ጀርባን ብዙ ሳያጎብጥ ያስተኛል። በራስጌውና በግርጌው ጎኖቹን የሚያራርቁ ዘንጎች አሉት። ከእያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ጫፎች የሚነሱት 2 ገመዶች ተገናኝተው ወደ ዛፉ በሚሄደው ገመድ ላይ ይታሰራሉ። እነዚህ ገመዶች እያንዳንዳቸው ቢያንስ የዘንጉን ያህል ይርዘሙ። የዘንጉን ግማሽ በጥቂቱ ብቻ የሚበልጡ ከሆነ ዘንጉን የሚጨምቀው ኃይል 3 እጥፍ ያህል ስለሚሆን ሊሰበር ይችላል። ሲረዝሙ ግን በዛፎቹ መካከል ሰፋ ያለ ርቀት እንደሚያስፈልግ አንርሳ።

የገመዱስ ዓይነት? የቃጫ ገመድ እርጥበት ያበሰብሰዋል። ናይሎን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሸክም ሲያርፍበት፣ በተለይም ሲረጥብ፣ ይለጠጣል። ማታ ከፍ ብሎ የታሰረ አልጋ ጠዋት መሬት ሊነካ ይችላል። ፖሊስተር ብዙ አይለጠጥም፤ ፀሐይንም በደንብ ይቋቋማል። ለቤተሰብ የምንመርጠው ይህንን ነው። ቋጠሮ የገመዱን ጥንካሬ ስለሚቀንስና ልጆችም ስለሚዘሉ፣ ከሚያርፍበት ሸክም ቢያንስ 5 እጥፍ የሚችል ገመድ እንግዛ። ዛፉን የምናስርበት ደግሞ ሰፊና ጠፍጣፋ ማሰሪያ ይሁን። ቀጭን ገመድ ልጡን ይጎዳል፤ ዛፍም የአላህ ፍጡር ነውና።

ዛፉ ሕያውና ወፍራም፣ ከሥሩም ድንጋይ የሌለበት መሆኑን እንመልከት። አልጋው ሰው ሲቀመጥበት ከጉልበት በላይ ከፍ አይበል። መጀመሪያ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ይቀመጥበት፤ ከዚያ በኋላ ልጆች ይፈቀድላቸው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ያሰበውን ሰው በቅድሚያ እንዲያስራት ማስተማራቸው የታወቀ ነው። ቋጠሮን መፈተሽም ሰበብን ማድረስ እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ከአደጋ ይጠብቅልን። አሚን!