የወርዋሪ ትከሻ እንዳይጎዳ

የትከሻ መጋጠሚያ ከሰውነታችን መጋጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይዞራል። ነገር ግን እንደ ልብ የሚዞር መጋጠሚያ እንደ ልብ አይጸናም። የክንዱ ዐጥንት ክብ ራስ የተቀመጠው ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ላይ ስለ ሆነ፣ ከቦታው እንዳይወጣ የሚጠብቁት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው።

ይህ ነገር በውጭ አገር በሰፊው በሚዘወተረው የውኃ ውስጥ ኳስ፣ ማለት በዋተር ፖሎ፣ ጎልቶ ይታያል። ሰባት ሰባት ሆነው የሚጋጠሙት ተጫዋቾች እግራቸው መሬት ስለማይረግጥ፣ የውርወራው ሸክም አብዛኛው በትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ሲዋኙም ያው ትከሻ አያርፍም። ለጉዳት የሚያጋልጡትም ነገሮች እነዚህ ናቸው፤

1ኛ/ ውርወራው መብዛቱና በመካከሉ በቂ ዕረፍት ማጣት፤
2ኛ/ ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ጡንቻዎች በርትተው፣ ወደ ውጭ የሚያዞሩትና ከውርወራ በኋላ ክንድን የሚገቱት የኋላ ጡንቻዎች መድከማቸው፤
3ኛ/ የመጋጠሚያው መጥበቅ ወይም ከመጠን በላይ መላላት፤
4ኛ/ የቀድሞ ጉዳት ሳይድን ወደ ጨዋታ መመለስ።

በአንበሳሜና በአካባቢዋ ዋተር ፖሎ ባይለመድም፣ የወርዋሪ ትከሻ ሞልቷል። ተማሪው ጧት ከማማ ላይ ሆኖ ወፍና ዝንጀሮ ለመከላከል ወንጭፍ ሲወነጭፍ ይቆይና፣ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤት ሜዳ ጦር ይወረውራል ወይም እጅ ኳስ ይጫወታል። ስለዚህ መምህሩ በሜዳ ያየውን ብቻ ሳይሆን በማሳ የተወነጨፈውንም ጠይቆ ይቍጠር።

ከውርወራ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ከቀላል ወደ ከባድ መሄድ፣ በእግርና በወገብ ኃይል መወርወር ይገባል። ለዐዋቂ ወንዶች የተወሰነው ጦር 800 ግራም፣ ለሴቶች 600 ግራም ነው፤ ለልጆች ከዚህ የቀለለ ይሰጥ። የኋላውን ጡንቻ ለማጠንከርም ላስቲክ ከምሰሶ ላይ አስሮ፣ ክርንን ከጎን ሳያላቅቁ እጅን በዝግታ ወደ ውጭ መሳብ ይጠቅማል። ሕመም የተሰማው ተማሪ ግን እስኪሻለው ውርወራውን ይተው።

ትከሻው ከቦታው የወጣ እንደ ሆነ፣ ወጌሻም ሆነ ጓደኛ ክንዱን አይጐትት፤ ደም ሥርና ነርቭ ሊጎዳ፣ የተሰበረም ዐጥንት ሊብስ ይችላል። ክንዱን በነጠላ ከደረቱ ጋር ሳያጠብቁ ደግፎ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። በወጣትነት አንድ ጊዜ የወጣ ትከሻ ደጋግሞ የመውጣት ጠባይ አለውና፣ ከተመለሰም በኋላ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ወደ ውርወራ እንዳይመለስ መምህራንንና ወላጆችን አጥብቀን እናሳስባለን።