ማካዳሚያ፦ ያልበሰለ ሲሆን የበሰለ የሚመስል ፍሬ

በኬንያ ማዕከላዊ ደጋ፣ በሙራንጋ፣ በኪሪኛጋና በኤምቡ፣ ከቡናው መሃል ከፍ ብሎ የሚታየው ቅጠለ ጠንካራ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ዛፍ ማካዳሚያ ነው። በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ያመርቱታል፤ በኬንያ ግን ዋናው አልሚ በጓሮው ጥቂት ዛፎች ያሉት ገበሬ ነው። ዛፉ ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ የቡና ዋጋ ሲወርድም ቤቱን ይደጉማል።

ትውልድ አገሩ የአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ዝናባማ ደን ነው። ነባሮቹ ሕዝቦች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው እጅግ ቀድሞ ፍሬውን እየለቀሙ ይበሉት ነበር። የዛሬውን ስሙን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያወጣለት የዕፅዋት ተመራማሪው ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ነው፤ ለባልደረባው ለኬሚስቱ ጆን ማካዳም መታሰቢያ እንዲሆን። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃዋይ ገባ፤ በ1946 ደግሞ በኬንያ፣ ቲካ አቅራቢያ ተተከለ።

ተካዩ አስቀድሞ የሚያስብበት ችግኙን ነው። ከዘር የበቀለ ዛፍ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል፤ ምርቱም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለው፣ ማለትም ከታወቀ ምርጥ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ ተጣብቆ ያደገው፣ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ብዙ ርካሽ ችግኝ ከሚተክል ጥቂት የተዳቀሉትን ቢተክል ይሻለዋል፤ አንዴ የተተከለ ዛፍ ለአሥርት ዓመታት ይቆማልና።

ሥሩ ልዩ ነው። ፎስፈረስ ባነሰበት አፈር የኖረ ዘር በመሆኑ፣ ወደ ላይኛው አፈር ተጠግቶ እንደ ብሩሽ የተጠቀጠቁ ደቃቅ ሥሮች ያበቅላል፤ እነሱም ከአፈሩ ጋር የተጣበቀውን ፎስፈረስ አሟሙተው ይስባሉ። ስለዚህ ለበቆሎው የለመደውን ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ ለዚህ ዛፍ አብዝቶ የሚሰጥ ገበሬ፣ ደግ ያደረገ እየመሰለው ይጎዳዋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል። የሚበጀው ብስባሽና ጉዝጓዝ ነው። ከግንዱ ዙሪያ አጥልቆ መኮትኮትም እነዚያን ሥሮች ይበጣጥሳል።

በአንድ የአበባ ዘለላ ላይ ከ100 እስከ 300 አበቦች ይፈካሉ፤ ለፍሬ የሚበቁት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ንብ ያስፈልጋል፤ ሁለት ዓይነት ዝርያ አጠገብ ለአጠገብ ሲተከልም ምርቱ ይሻላል።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዛፉ ካበበ በአራት ወር ገደማ ፍሬው ሙሉ መጠኑን ይይዛል፤ ከውጭ ላየው የደረሰ ይመስላል። ዘይቱ በብዛት የሚጠራቀመው ግን በቀጣዮቹ ወራት ነው። ሰባት ወር ገደማ ሲሆነው ከውስጠኛው ፍሬ 72 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ዘይት ይሆናል፤ ያኔ ፍሬው ራሱ ወደ መሬት ይወድቃል። ያለጊዜው በዱላ የረገፈው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ሲቆላ ያለ ልክ ይጠቁራል። መለያው ቀላል ነው፦ የደረቀ የበሰለ ውስጠኛ ፍሬ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ያልበሰለው ይሰምጣል፤ ዘይት ከውሃ ይቀላልና።

የተለቀመውም ፋታ አይሰጥም። አረንጓዴ ልጣጩ በአንድ ቀን ውስጥ ካልተገፈፈ ክምሩ ይግላል፣ ፍሬውም ይበላሻል። ከዚያ ከነቅርፊቱ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ ይሰጣል። ፋብሪካው እርጥበቱን ወደ 1.5 በመቶ ሲያወርደው ውስጠኛው ፍሬ ኮስሶ ከጠንካራው ቅርፊት ይላቀቃል፤ ሳይደቅቅ የሚሰበረውም ያኔ ነው።

ገበሬው ያለጊዜው የሚያራግፈው ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። የኬንያ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በጃንዋሪ ነው፤ የዋናው ወቅት ፍሬ መጠኑ ሞልቶ ውስጡ ገና የሆነበት ጊዜ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያው ደርሷል፣ ደላላው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ደጅ ቆሟል፣ ሌሊት ደግሞ ሌባ አለ። መንግሥት በቅርብ ዓመታት ከኖቬምበር ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ወራት ለቀማውን ይዘጋል፤ ተገቢ ነው። ግን ገዢው በኪሎ ብቻ እየመዘነ እስከከፈለ ድረስ፣ የታገሠና ያልታገሠ እኩል ይከፈላቸዋል። የገበሬ ማኅበራት አጥብቀው ሊጠይቁ የሚገባቸው፣ ገዢው ናሙና ሰብሮ የጤነኛውን ፍሬ ድርሻ በፊታቸው እንዲለካና በዚያ እንዲከፍል ነው።