ስቶንሄንጅን ማን ሠራው? የድንጋዮቹና የጉብታዎቹ ተረት

እንግሊዝ ውስጥ ሳልስበሪ ሜዳ ላይ ያለውን ስቶንሄንጅን ሊያይ የሄደ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ክበቡን ዞሮ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። በዙሪያው ሣር ለብሰው የተበተኑትን ከ300 በላይ የመቃብር ጉብታዎች ልብ የሚላቸው ጥቂት ነው። ስለ ቦታው ተረት የበዛውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

ተረት፦ የሠሩት ድሩይድ የሚባሉ የጥንት ካህናት ናቸው።
ይህን ያስፋፉት በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የጥንት ቅርስ አጥኚዎች ጆን ኦብሪና ዊልያም ስቱክሊ ናቸው። ትልልቆቹ ድንጋዮች የቆሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ገደማ ሲሆን፣ ድሩይዶች በጽሑፍ የሚታወቁት ከዚያ 2000 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከኦብሪና ከስቱክሊ በፊትማ ሥራው የአስማተኛው የመርሊን ነው ይባል ነበር። እኛስ ከግራኝ ዘመን በፊት የቆሙትን የጢያ ትክል ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ስንል ኖረን የለ?

ተረት፦ ሰው ይታረድበት ነበር።
«የመታረጃ ድንጋይ» በሚባለው አለት ላይ ዝናብ ሲያቁር ውኃው ይቀላል። የሚያቀላው ብረትና አልጌ ነው። ደግሞም ድንጋዩ ቀድሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር፤ በቆመ ድንጋይ ላይ ማን ይታረዳል?

ተረት፦ ጉብታዎቹ የገንቢዎቹ መቃብር ናቸው።
ይህኛው ለማመን ይቀላል። ነገር ግን ቀድሞ መካነ መቃብር የነበረው ክበቡ ራሱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3000 ገደማ፣ ገና ክብ ቦይና የአፈር ክምር ሳለ፣ የተቃጠለ የወንድም የሴትም የሕፃናትም አጽም ይቀበርበት ጀመር። ጉብታዎቹ ግን በአብዛኛው ትልልቆቹ ድንጋዮች ከቆሙ ከመቶዎች ዓመታት በኋላ በነሐስ ዘመን የተከመሩ ናቸው። ያኔ ክበቡ አርጅቷል፤ ባለጸጎቹ ሬሳቸውን እሱ በሚታይበት ከፍታ ማሳረፍ ወደዱ። ቡሽ ባሮው የሚባለውን ጉብታ ዊልያም ከኒንግተን እ.ኤ.አ. በ1808 ሲያስቆፍር፣ ደረቱ ላይ የወርቅ ጌጥ ያለ፣ ከጩቤዎቹ ጋር የተቀበረ ሰው አገኘ። ክበቡን የሠሩት ሰዎች ግን መሣሪያቸው ድንጋይና የአጋዘን ቀንድ ነበር።

ተረት፦ ትኬት የቆረጠ ድንጋዩን ይነካል።
ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ጎብኚው የሚዞረው ከገመድ ውጭ ነው። ልዩ ትኬት ያስያዘ፣ ወይም የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን ንጋት ላይ የመጣ ውስጥ ይገባል፤ በልዩ ትኬት ለገባም ግን መንካት ክልክል ነው። ከመግቢያው ክበቡ ድረስ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ አለ፤ እኔ ግን በእግር መሄዱን እመርጣለሁ፣ ጉብታዎቹ በመንገድ ላይ ስለሚገኙ። ወርቁን ማየት የፈለገ ወደ ዲቫይዚስ ከተማ፣ ወደ ዊልትሸር ሙዚየም ይሂድ።